የቋንቋ መምህር ለማኅበራዊ ፍትሕ ምን ያደርጋል? ለአንዲት የአማርኛ መምህርት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «በአዲስ አበባ ዳርቻ በሚገኝ የመንግሥት ትምህርት ቤት የ6ኛ ክፍል የአማርኛ መምህርት ነኝ። በክፍሌ 64 ተማሪዎች አሉ፤ ከግማሽ የማያንሱት በቤታቸው ሌላ ቋንቋ ይናገራሉ፤ ከገጠር ከመጡ ዓመት ያልሞላቸውም አሉ። በቅርቡ በተሰጠን ሥልጠና ላይ የቋንቋ መምህር ማኅበራዊ ፍትሕን በማስፈን ረገድ ትልቅ ሚና እንዳለው ተነገረን፤ እንዴት እንደሆነ ግን አልተብራራልንም። እኔ የማስተምረው ስምና ግሥ ነው። ሁሉንም ተማሪ በእኩል ዓይን ማየቴ አይበቃም ወይ? ከዚያ ያለፈው ፖለቲካን ወደ ክፍል ማስገባት አይሆንም ወይ? አንዳንድ ባልደረቦቼ ደግሞ በክፍል ውስጥ በሌላ ቋንቋ ሲናገር የተገኘ ተማሪ ነጥብ ይቀነስበት እያሉ ነው፤ በዚህስ ላይ ምን ይላሉ?»

ምላሽ፦

የተከበሩ መምህርት፣

አማርኛን ለ11 ዓመታት በክፍል ውስጥ አስተምሬ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ በመምህራን ኮሌጅ የቋንቋ ማስተማሪያ ዘዴን ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝና «እኔ የማስተምረው ስምና ግሥ ነው» የሚለው ቃልዎ እንግዳ አልሆነብኝም። ከብዙ መምህራን አፍ ሰምቼዋለሁ፤ እኔም ብዬዋለሁ። መልሴን አስቀድሜ ልንገርዎ፦ የቋንቋ መምህር የፍትሕን ሥራ የሚሠራው ስለ ፍትሕ ንግግር በማድረግ ሳይሆን፣ ያንኑ ስምና ግሥ በሚያስተምርበት፣ ደብተር በሚያርምበትና ተማሪ ሲናገር በሚያደምጥበት መንገድ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ የማን አነጋገር ልክ፣ የማን አነጋገር ስሕተት እንደሆነ በየቀኑ የሚወስነው እሱ ነውና። የሒሳብ መምህር መልስ ሲሰርዝ የሰረዘው መልሱን ብቻ ነው፤ የቋንቋ መምህር ቀይ እስክሪብቶውን ሲያነሣ ግን ብዙ ጊዜ የሚሰርዘው ልጁ ከእናቱ የተማረውን ነው።

ይህ ሥልጣን ሁለት ግዴታዎችን ያስከትላል። የመጀመሪያው ልጁ ከቤቱ ይዞት የመጣውን ቋንቋ እንደ ጉድለት አለመቁጠር ነው። ሁለተኛው ደግሞ በሕዝብ መሥሪያ ቤት፣ በፍርድ ቤትና በፈተና ክፍል የሚሠራበትን ቋንቋ ሳይሸራርፉ ሙሉ በሙሉ ማስጨበጥ ነው። አንዱን ይዘን ሌላውን የተውን እንደሆነ ልጁን እንበድለዋለን፤ አሳፍረን ብናስተምረው አፉን ይዘጋል፣ ራርተንለት ሳናስተምረው ብናሳልፈውም ነገ በሚቆምበት መስኮት ፊት ቃል ያጥረዋል።

በራሴ ላይ የደረሰውን ልንገርዎ። ማስተማር በጀመርሁ በሦስተኛው ዓመት፣ ከምዕራብ ሸዋ ገጠር የመጣች አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ከክፍሌ ገባች። አንድ ቀን ደብተር መልሼ ሳከፋፍል የእሷ ሳይደርሳት ቀርቶ ኖሮ፣ ተነሥታ በሁለት እጇ ጠረጴዛዋን እንደ ያዘች፣ «መምህር፣ እናንተ ደብተሬን አልሰጣችሁኝም» አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከኋላ ወንበር አንዱ «ስንት ናቸው?» ብሎ ጮኸ። እኔም ሳቁን ካስቆምሁ በኋላ «‹እርስዎ› ነው የሚባለው፤ ‹አልሰጡኝም› በይ» ብዬ አረምኋት። በቃሏ ደግማው ተቀመጠች። ከዚያ ቀን በኋላ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ድረስ በክፍሌ አንዲት ቃል ስትናገር አልሰማሁም። ሥራዋ ሁሉ በጽሑፍ ብቻ ሆነ፤ የቃል ምዘና ሲሆን አንገቷን ደፍታ ዜሮ ትቀበል ነበር።

ነገሩ የገባኝ በሚቀጥለው ዓመት፣ አፋን ኦሮሞ አፉን የፈታበት የሥራ ባልደረባዬ ሲነግረኝ ነው። በአፋን ኦሮሞ አንድን ሰው አክብሮ ለማናገር የሚያገለግለው ቃል «ኢሲን» ነው፤ ይኸው ቃል ብዙ ሰዎችን ለማናገርም ያገለግላል። በሩቅ ያለን የተከበረ ሰው ደግሞ «ኢሳን» ይሉታል፤ ይህም ቃል «እነሱ» ማለት ነው። ስለዚህ ያቺ ልጅ «እናንተ» ስትለኝ ያደረገችው በቋንቋዋ ያለውን ከፍተኛውን አክብሮት ወደ አማርኛ ማሻገር ነበር። እኔ አክብሮቷን ስሕተት አልሁት፤ ሠላሳ ምናምን ልጆችም ሳቁበት። ለአንተና ለአንቺ ደግሞ አፋን ኦሮሞ ያለው አንድ ቃል፣ «አቲ» ነው፤ ወላይትኛና ጋሞኛም በሁለተኛ መደብ ነጠላ ወንድና ሴትን አይለዩም። እንግዲህ ከነዚህ ቋንቋዎች የመጣ ልጅ መምህርቱን «አንተ» ቢል፣ ወይም ለወንድ ጓደኛው «ነይ» ቢለው፣ ባለጌ ወይም ደነዝ ሆኖ አይደለም። በቋንቋው የሌለ ልዩነትን ገና እየለመደ ያለ ልጅ ነው።

በዚህ ምክንያት ለእርስዎ የምሰጠው የመጀመሪያ ምክር በጣም ተራ የሚመስል ነው። በክፍልዎ ውስጥ የሚነገሩትን ቋንቋዎች ይቁጠሩ፤ ከዚያም በእያንዳንዳቸው ውስጥ አክብሮት፣ ጾታ፣ ብዙ ቁጥርና ጊዜ እንዴት እንደሚገለጹ ከሚናገሯቸው ባልደረቦች ወይም ወላጆች ይጠይቁ። ቋንቋውን መቻል አይጠበቅብዎትም፤ አንድ ሰዓት የማይሞላ ጨዋታ ይበቃል። እኔ ያኔ ባውቅ ኖሮ ለዚያች ልጅ የምላት ይህ ነበር፦ «በቋንቋሽ ስላከበርሽኝ አመሰግናለሁ። ኦሮሞ ሰው ሲያከብር እንደ ብዙ ይቆጥረዋል፤ አማርኛ ግን ለዚህ ‹እርስዎ› የሚል የተለየ ቃል አለው።» እርማቱ አልቀረም፤ ልጂቱ «አልሰጡኝም» ማለትን ትማራለች። የሳቀውም ተማሪ አዲስ ነገር ያውቃል፤ እንዲያውም ስለ አማርኛ ሰዋስው ከምንባቡ የበለጠ ይማራል።

ከሌላ ቋንቋ የመጣውን ብቻ ሳይሆን ከሌላ አገር አማርኛ የመጣውንም ማሰብ ያስፈልጋል። ከጎጃም ወይም ከመንዝ ገጠር መጥቶ «ከቤት» ለማለት «ኸቤት» የሚል ልጅ አፉን የፈታው በአማርኛ ነው፤ ግን በከተማ ክፍል ውስጥ እንደ ባላገር ይሳቅበታል። እሱ የተናገረው ለብዙ ዘመን ሲነገር የኖረ አማርኛ ነው። በመጽሐፍ የሚጻፈው «ከ» መሆኑን ማስተማር ተገቢ ነው፤ «እንዲህ አይባልም» ማለት ግን ሐሰት ነው፤ ይባላልና። «በቤት እንዲህ ይባላል፣ በጽሑፍ እንዲህ ይጻፋል» የሚለው አነጋገር እውነቱንም ይጠብቃል፣ ልጁንም ያስከብራል።

የፊደልን ነገር እግረ መንገዴን ላንሣ። ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ በዛሬው የአማርኛ ንባብ የድምፅ ልዩነት የላቸውም። ልዩነታቸውን አጥርቶ የሚያውቀው ግእዝ የቀመሰ ወይም ቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ነው። በቃል ጽሕፈት ጊዜ «ሠራተኛ»ን በሰ የጻፈ ልጅ ነጥብ ሲጎድልበት የተመዘነው የጽሕፈት ችሎታው ሳይሆን የቤተሰቡ ሃይማኖትና የቀድሞ ዕድሉ ነው። ሥርዓተ ጽሕፈቱን ማስተማሩን እደግፋለሁ፤ እኔ ራሴም በዚህ ጽሑፍ ጠብቄ ለመጻፍ እጥራለሁ። ነጥብ መቀነሻ ሲሆን ግን የሚጎዳው ማን እንደሆነ አስቀድመን የማየት ግዴታ አለብን።

አሁን ወደ «በእኩል ዓይን ማየቴ አይበቃም ወይ» ወደሚለው ጥያቄዎ ልምጣ። ይህ ጥያቄ በአሜሪካ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የደረሰ ነው። በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ እንግሊዝኛ የማያውቁና ምንም የተለየ የቋንቋ ድጋፍ የማያገኙ 1,800 ያህል ቻይናውያን ተማሪዎች ነበሩ። የትምህርት ቤቶቹ መከራከሪያ እንደ እርስዎ ነበር፦ መጽሐፉም መምህሩም ሥርዓተ ትምህርቱም ለሁሉም አንድ ነው፣ ማንንም አልለየንም የሚል። ፍርድ ቤቱ በ1974 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሰጠው ውሳኔ፣ የትምህርቱን ቋንቋ ለማያውቅ ልጅ ያንኑ መጽሐፍ መስጠት እኩል ማስተናገድ ሊባል እንደማይችል ገለጸ። ዛሬ ከኢትዮጵያ ወደ ዋሽንግተን አካባቢ ሄደው ትምህርት ቤት የሚገቡ ልጆች የእንግሊዝኛ ድጋፍ ሲያገኙ በዚህ ፍርድ ፍሬ እየተጠቀሙ ነው። ከሰባዎቹ አሜሪካ ወደ ክፍልዎ ስንመለስ፣ ከ64ቱ ተማሪዎች አንዱ ምንባቡን በሁለት ደቂቃ ሲያነብ ሌላዋ በየመሥመሩ የማታውቀው ቃል እየገጠማት ከሆነ፣ ለሁለቱም እኩል 10 ደቂቃ መስጠት ለአንዱ ብቻ መስጠት ነው።

ከዚያ ፍርድ አምስት ዓመት ዘግይቶ፣ በዚያው አገር በሚሺጋን ግዛት በአን አርበር ከተማ የተወሰነው ክስ ደግሞ በቀጥታ የቋንቋ መምህራንን የሚመለከት ነበር። ማርቲን ሉተር ኪንግ በተሰኘው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚማሩ የ11 ድሃ ጥቁር አሜሪካውያን ልጆች ወላጆች፣ ልጆቻችን ማንበብ ያቃታቸው በቤታቸው የሚናገሩት እንግሊዝኛ በመናቁ ነው ብለው ከሰሱ። ዳኛ ቻርልስ ጆይነር በ1979 በሰጡት ውሳኔ ልብ የሚባለው ነጥብ ይህ ነው፦ እንቅፋት የሆነው የልጆቹ አነጋገር በራሱ ሳይሆን፣ መምህራኑ ሳይታወቃቸው ለዚያ አነጋገር ያሳዩት አመለካከት መሆኑን ተናገሩ። መምህራኑ ክፉዎች ናቸው አላሉም። ያዘዙትም ልጆቹ መደበኛውን እንግሊዝኛ መማራቸው እንዲቀር አልነበረም፤ መምህራኑ የልጆቹን የቤት አነጋገር ለይተው እንዲያውቁትና ያንን ዕውቀት ለንባብ ማስተማሪያ እንዲጠቀሙበት ነበር። ከላይ ሁለት ግዴታዎች ያልኋቸውን እኚህ ዳኛ በአንድ ትእዛዝ ውስጥ አስቀምጠዋቸዋል።

ስለ እኩልነት ካነሣን አይቀር አንድ ስሌት እንሥራ። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። እርስዎ አንድም ቃል ሳይናገሩ ጊዜውን ለ64 ተማሪዎች ቢያካፍሉት ለእያንዳንዱ 38 ሰከንድ እንኳ አይደርሰውም። በእውነቱ የሚሆነው ግን ከፊት ወንበር የተቀመጡ፣ አማርኛን በቤታቸው የሚናገሩና አብዛኛውን ጊዜ ወንዶች የሆኑ ሰባት ስምንት ልጆች እጃቸውን አውጥተው ጊዜውን ሁሉ መውሰዳቸው ነው። ለሁለት ሳምንት የስም መጥሪያውን ጠረጴዛዎ ላይ ዘርግተው የተናገረውን ተማሪ ስም ሁሉ በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት። እኔ ይህን ሳደርግ ከክፍሌ አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት ልጆች በሁለት ሳምንት ውስጥ አንዴም እንዳልተናገሩ አገኘሁ፤ ቀድሞ ማንም ቢጠይቀኝ ሁሉም ይሳተፋሉ ብዬ እምል ነበር። መፍትሔው ዝም ያለውን ልጅ በድንገት «ተነሥ፣ መልስ» ማለት አይደለም። መጀመሪያ ከጎኑ ካለው ልጅ ጋር ለሁለት ደቂቃ በፈለጉት ቋንቋ እንዲመካከር፣ ከዚያ የተመካከሩትን በአማርኛ እንዲናገር ማድረግ ነው። በሐሳቡ እርግጠኛ የሆነ ልጅ ለቃሉ ይደፍራል።

አሁን ስምና ግሡን እናንሣ፤ ከሁሉ የበለጠ መናገር የምፈልገው ስለዚህ ነውና። አድራጊና ተደራጊ ግሥን በየዓመቱ እናስተምራለን። «ካሣ ብርጭቆውን ሰበረ» የሚለውን «ብርጭቆው ተሰበረ» ወደሚለው እናስቀይራለን፤ ተማሪዎቹም ይቀይራሉ፤ ያልቃል። እስቲ በዚያው ትምህርት ላይ «ሴትየዋ ተደበደበች» የሚል ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ይጻፉና «ማን ደበደባት?» ብለው ይጠይቁ። ከዚያ «ልጅቱ ተጠለፈች»፣ «ገንዘቡ ተበላ»፣ «ቤቱ ተዘረፈ» የሚሉትን ይጨምሩ። ተደራጊ ግሥ አድራጊውን ከዓረፍተ ነገሩ የሚያስወጣ መሣሪያ መሆኑን የ12 ዓመት ልጅ ወዲያው ያየዋል፤ አንዳንዴ አድራጊው ባለመታወቁ፣ አንዳንዴ ደግሞ እንዳይታወቅ ስለተፈለገ እንደሚቀርም ራሱ ይናገራል። ይህን በምሠራበት ጊዜ አንዲት ተማሪ ከጋዜጣ ቆርጣ ያመጣችውን ዜና እስካሁን አስታውሳለሁ፤ በአራት መሥመር ውስጥ ስድስት ተደራጊ ግሥ ነበረበት፤ አንድም አድራጊ አልነበረበትም። እሷ በእርሳስ ከእያንዳንዱ ግሥ በላይ «ማን?» ብላ ጽፋበት መጣች። ሰዋስው ከመማሪያ መጽሐፉ የመልመጃ ገጽ አልወጣም፤ ልጅቱ ግን ከእንግዲህ የምታነበውን ሁሉ የምትመረምርበት ዓይን አገኘች። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበት መንገድ ነበረው፤ ያ መንገድ የተዘጋው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። «ተጠለፈች» ብሎ የሚያበቃ ቋንቋና «ጠለፋት» ብሎ ስም የሚጠራ ቋንቋ ለሴት ልጅ አንድ አይደሉም።

ከዚህ ቀጥሎ የማነሣው ማመልከቻ መጻፍን ነው። በየፍርድ ቤቱና በየክፍለ ከተማው በር ላይ በጃንጥላ ሥር ተቀምጠው በታይፕ መኪና የሰው አቤቱታ የሚጽፉ ሰዎችን ሁላችንም እናውቃለን። ራፖር ጸሐፊዎቹን አልነቅፍም፤ ብዙዎቹ ባለሙያዎች ናቸው። ነገር ግን ከፊታቸው በርጩማ ላይ የተቀመጠው ሰው ብዙውን ጊዜ የተማረ ልጅ ያለው ሰው ነው። ማመልከቻ በአማርኛ ትምህርት ውስጥ አለ፤ ቀን፣ «ለ»፣ «ጉዳዩ»፣ ሐተታና ፊርማ በየት በኩል እንደሚጻፉ እናስተምራለን፤ ከዚያም «የዕረፍት ፈቃድ ስለመጠየቅ» የሚል የማይጠቅም መልመጃ ሰጥተን እናርማለን። እኔ አንድ ዓመት ይህን ለወጥ አድርጌ፣ እያንዳንዱ ተማሪ በቤቱ ያለውን እውነተኛ ችግር ጠይቆ እንዲጽፍ አዘዝሁ። አንድ ልጅ እናቱ ለውኃ ቆጣሪ ስትመላለስ የከረመችበትን ጉዳይ ጻፈ። የመጀመሪያ ጽሑፉ የሚያበቃው «ድሃ በመሆኔ እንዲታዘንልኝ በእግዚአብሔር ስም እለምናለሁ» በሚል ነበር። አብረን ተቀምጠን ግሡን ተነጋገርንበት። መለመን ባለመብት ያልሆነ ሰው ግሥ ነው፤ መጠየቅ ደግሞ የባለመብት ግሥ ነው። እናቱ ገንዘቡን የከፈለችበት ቀን፣ የደረሰኙ ቁጥርና የተመላለሰችበት ቀን በቅደም ተከተል እንዲገባ አደረግን፤ መጨረሻውም «ክፍያውን በፈጸምሁት መሠረት ቆጣሪው እንዲገባልኝ እጠይቃለሁ» ሆነ። እናትዬዋ ወረቀቱን ይዘው ሄዱ። ቆጣሪው የገባው በወረቀቱ ምክንያት ይሁን በሌላ መናገር አልችልም፤ ልጁ ግን ከዚያ በኋላ ለሦስት ጎረቤቶች ጻፈ።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፣ በአንቀጽ 20 ደግሞ ክርክሩ በማያውቀው ቋንቋ ከሆነ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲመደብለት መብት ይሰጣል። ይህን መብት የሚያነብለትና «አልገባኝም፣ አስተርጓሚ ይመደብልኝ» ብሎ በድፍረት እንዲናገር ያለማመደው ሰው ከሌለ ግን አንቀጹ ወረቀት ላይ ይቀራል። ሁለቱን አንቀጾች የንባብ ትምህርት አድርጎ ማቅረብ ምንባብ ማስተማር ነው፤ ተማሪዎቹም አስተርጓሚ፣ ዳኛና ተከሳሽ ሆነው በሁለት ቋንቋ ሊተውኑት ይችላሉ። በቤቱ ሌላ ቋንቋ የሚናገረው ልጅ በዚያ ቀን ከክፍሉ ሁሉ የበለጠ አዋቂ ይሆናል።

ተረትና ምሳሌን በተመለከተ በአጭሩ ላሳስብዎ። በቃላችን የያዝናቸው ምሳሌያዊ አነጋገሮች ውበት አላቸው፤ ሴትን፣ አካል ጉዳተኛንና የእጅ ባለሙያን የሚያዋርዱም አሉባቸው። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን አስተምረን ትርጉሙን ብቻ ብንጠይቅ አጽድቀነዋል ማለት ነው። ደብቀነው ብናልፍም ልጆቹ በቤታቸው ይሰሙታል። እኔ የምመርጠው ማን እንደተናገረው፣ ለማን እንደሚጠቅም፣ የሚቃወመው ምሳሌ በአማርኛም ሆነ በሌላው ቋንቋቸው ካለ እንዲፈልጉ ማድረግን ነው። ባለ እጅን መናቅ ደግሞ ያረጀ በሽታ ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰው ነበር። ዛሬም በሽሮ ሜዳ አካባቢ በሚገኙ ክፍሎች ውስጥ የጋሞ ሸማኔ ልጆች ተቀምጠዋል። የአዋጁን መንፈስ ለክፍሉ ሲያስረዱ፣ የድርን፣ የማግንና የመወርወሪያን ስም የሚያውቀው ያ ልጅ ሰሌዳው ፊት ወጥቶ እንዲያስተምር ያድርጉ። ከአማርኛ መዝገበ ቃላት የማያንስ ቃል ከእሱ ይገኛል።

«ፖለቲካ አይሆንም ወይ» ላሉት ስጋትዎን በቀላሉ አላየውም። በዚህ ዘመን መምህር በአንድ ቃል ሊፈረድበት ይችላል። ለተማሪ ፓርቲ መምረጥ፣ የአንድን ብሔረሰብ በደል ብቻ መተረክ፣ የራስን አቋም ፈተና ላይ ማስጻፍ የመምህር ሥራ አይደለም፤ ባለሥልጣኑም ልጁም ሊያምኑን የሚችሉት ይህን ስንጠብቅ ነው። ነገር ግን ቋንቋን ማስተማር በአገራችን ከመንግሥት ውሳኔ ተለይቶ ያደረበት ዘመን የለም። በንጉሡ ዘመን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ ብቻ ሲሆን፣ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ፣ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃን በቋንቋቸው እንዲማሩ ሲፈቅድ፣ ውሳኔውን ክፍል ውስጥ አስገብቶ ሥጋ ያለበሰው መምህሩ ነው። በ1992 ዓ.ም. በቀድሞው ሰሜን ኦሞ ዞን የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች በአንድ ቀላቅሎ የተዘጋጀው «ወጋጎዳ» የተባለ መማሪያ በመጣ ጊዜም፣ መጽሐፉን እጃቸው ላይ ይዘው «ይህን ልጆቹ አይናገሩትም» ካሉት መካከል መምህራን ነበሩ፤ በዚህም ምክንያት ከቦታቸው የተነሡ አሉ። በሶዶ በተነሣው ተቃውሞ ሰው ሞቶ፣ መጽሐፉ ከቀረ በኋላ፣ ወላይታ በ1993 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። እነዚያ መምህራን የተናገሩት ሙያቸው የሚያውቀውን ነው፤ ልጅ በማይናገረው ቋንቋ ማንበብ መማር እጅግ ይከብደዋል የሚለውን። እኔም ለእርስዎ የምመክረው ይህንኑ ድንበር ነው። ስለ ሥልጣን ክፍፍል በክፍል ውስጥ አይከራከሩ፤ ሙያዎ ስለ ልጆቹና ስለ ቋንቋ የሚነግርዎን ግን በመምህራን ስብሰባም ሆነ በወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት (ወመተህ) ፊት አይደብቁ።

አሁን የመጨረሻው ጥያቄዎ፣ ነጥብ ይቀነስ ስለሚለው። ይህንን በግልጽ ይቃወሙት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 5 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ በመንግሥት በእኩል የሚታወቁ መሆናቸውን ይደነግጋል፤ አንድን ልጅ ከእነዚህ በአንዱ ስለተናገረ መቅጣት ይህን ድንጋጌ ይጻረራል። ከሕጉም በላይ ከትምህርት አንጻር ትክክል አይደለም፤ ምዘና ልጁ የሚያውቀውን ማሳየት ይኖርበታል፤ ነጥቡ ግን የሚያሳየው በየትኛው ቋንቋ ከጓደኛው ጋር እንደተንሾካሾከ ነው። ባልደረቦችዎ ይህን ያነሡት ልጆቹ አማርኛ እንዲለምዱ ፈልገው ይመስለኛል፤ ሐሳባቸውን በዚያ መንገድ ይቀበሏቸው፣ መፍትሔውን ግን ይቀይሩላቸው። ለስብሰባው ይህን ይዘው ይግቡ፦ በየሳምንቱ አንድ ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቹ በመጀመሪያ ቋንቋቸው ያወሩትን ተረት በአማርኛ የሚጽፉበት ይሁን፤ የጻፉትም ከተከታታይ ምዘናው 10 ነጥብ ይያዝለት፤ የሚታረመውም በመጀመሪያው ረቂቅ ሳይሆን ተማሪው ከጓደኛው ጋር አይቶ ባሻሻለው በሁለተኛው ይሁን። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ቀይ እስክሪብቶ አያንሡ፤ በእርሳስ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጻፉበት። ከሁለት ወር በኋላ የሁለቱን ረቂቆች ልዩነት ለባልደረቦችዎ ደብተሩን ገልጠው ያሳዩአቸው። ከገጠር ከመጡ ዓመት ያልሞላቸው ያሏቸውን ልጆች ደብተሮች በተለይ ከላይ ያድርጓቸው።